ያልጠነከረ ደለል እንዴት ይሰበራል? ከባሕር ወለል በታች ስለሚያድጉ ፎልቶች የቀረበ ምላሽ

ጥያቄውን ያቀረበው የሥነ ምድር ትምህርት የሚከታተል ተማሪ ነው። ከኒጀር ዴልታ የባሕር ክፍል የተወሰደ የሳይዝሚክ ምስል (ድምፅ ወደ ምድር ተልኮ ከሚመለሰው ማሚቶ የሚሠራ ምስል) ለመልመጃ ተሰጥቶት እንዲህ ሲል ጽፏል፦ «ከባሕር ወለል በታች ያሉት ንጣፎች በብዙ ፎልቶች ተቆራርጠዋል። ፎልቶቹ ከላይ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ወደ ታች ሲወርዱ ግን እንደ ማንኪያ ጎብጠው ይጋደማሉ። አካባቢው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚታወቅበት አይደለም፤ ደለሉም ገና ያልጠነከረ ነው። ታዲያ የሰበረው ኃይል ምንድን ነው? በየትኛው ዘመንስ ተሰበረ? ወደ ላይ ሲሄድ ባሕሩ ወለል ሳይደርስ የቀረውን ፎልት ሞቷል ልንለው እንችላለን?»

ያን ደለል የሰበረው በዋናነት የራሱ ክብደት ነው። የተሰበረውም ከተከማቸ በኋላ በአንድ ጊዜ ሳይሆን፣ እየተከማቸ ሳለ ሚሊዮን ዓመታት በወሰደ ሂደት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል ላይ መጀመሪያ ንጣፎቹ ተደርድረው ያልቃሉ፤ ከዚያ ፎልቱ መጥቶ እንደ ቢላ ይቆርጣቸዋል። በባሕር ውስጥ ባሉ የደለል ተፋሰሶች ግን ደለሉም ፎልቱም አብረው ያድጋሉ፤ የአንዱን ታሪክ ከሌላው ነጥሎ ማንበብም አይቻልም። የሚከተለው ማብራሪያ ሁሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ላይ ነው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ላስቀድም። «ፎልት» የሚለውን እንዳለ የምጠቀመው «ስንጥቅ» ብቻ ብዬ ብጠራው ነገሩ ስለሚዛባ ነው። ስንጥቅ ተሰንጥቆ ባለበት የቀረም ሊሆን ይችላል፤ ፎልት የምንለው ግን በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያለው አለት ወይም ደለል አንዱ ከሌላው አንጻር የተንሸራተተበትን ገጽ ነው። ይህን የመንሸራተት መጠን ከዚህ በታች «ዝንፈት» እለዋለሁ። በተጋደመው ገጽ ላይ ተደግፎ የሚንሸራተተውን ክፍል «የላይኛው ብሎክ»፣ ከሥር ሆኖ የሚሸከመውን ደግሞ «የታችኛው ብሎክ» ብዬዋለሁ።

ያልጠነከረ ነገር አይሰበርም የሚለውን ጥርጣሬ ከብዙ ተማሪዎች ሰምቻለሁ፤ መነሻው ስብራትን ከደረቅና ከጠንካራ ነገር ጋር ብቻ ማያያዛችን ይመስለኛል። በግንባታ ቦታ የተራገፈ እርጥብ አሸዋ ሠራተኛው ከሥሩ በአካፋ ሲዝቀው ምን እንደሚሆን ያስታውሱ። ክምሩ እንደ ውሃ አይፈስም። ከአናቱ አጠገብ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይፈጠርና ከጠርዙ በታች ያለው ክፍል እንደ አንድ አካል ሆኖ ወደ ተዛቀው ጎን ይንሸራተታል። አሸዋውን ያያያዘው ሲሚንቶ የለም፤ ቅንጣቱ ከቅንጣቱ ጋር የሚያደርገው ሰበቃና ጥቂት እርጥበት ብቻ ነው። ቢሆንም የተንሸራተተበት ገጽ ግልጽ ነው፣ ዝንፈቱም በሜትር ሊለካ ይችላል። ፎልት ለመፍጠር የሚያስፈልገው የቁሱ ጥንካሬ ሳይሆን፣ ቁሱን ሊያንሸራትት የሚገፋው ጫና ከሰበቃው በልጦ መገኘቱ ነው።

ሰበቃው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ውሃ መቁጠር ግድ ነው። የአፈር መሐንዲሱ ካርል ቴርዛጊ በ1920ዎቹ እንዳሳየው፣ ከላይ የሚወርደውን ክብደት ቅንጣቶቹ ብቻቸውን አይሸከሙትም፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ በግፊቱ መጠን ይጋራቸዋል። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ የሚጫኑት ከጠቅላላው ጫና የውሃው ግፊት ተቀንሶ በሚቀረው ብቻ ነው፤ ሰበቃም የሚመጣው ከዚሁ ቀሪ ነው። በቁጥር እንየው። ከባሕር ወለል በታች 3 ኪሎ ሜትር ላይ፣ የደለሉ አማካይ ጥግግት በሜትር ኩብ 2300 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ ከላይ ያለው ደለል የሚያሳርፈው ጫና ወደ 68 ሜጋፓስካል ይጠጋል። ውሃው እስከ ባሕሩ ወለል ድረስ ያለ እንቅፋት መውጫ ካለው ግፊቱ ወደ 30 ሜጋፓስካል ነው፤ ለቅንጣቶቹ የሚተርፈው 38 ገደማ ይሆናል። ጭቃው ግን በፍጥነት ተቀብሮ ውሃውን ማስወጣት ሲያቅተውና የውሃው ግፊት 60 ሜጋፓስካል ሲደርስ፣ ለቅንጣቶቹ የሚተርፈው 8 ብቻ ነው። ጥልቀቱ ያው፣ ጭቃው ያው ሆኖ ሰበቃው ወደ አንድ አምስተኛ ወረደ ማለት ነው። (ከላይ ያለው የባሕር ውሃ ክብደት በሁለቱም ጎን እኩል ስለሚደመር በሂሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።)

ነገሩን ወጥ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። በሙቅ ውሃ የታጠበ ብርጭቆ እርጥብ በሆነ ለስላሳ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ሲቀመጥ፣ ማንም ሳይነካው ጥቂት ሲሄድ አይተው ይሆናል። ውስጡ የታፈነው አየር ሞቆ ሲሰፋ ብርጭቆውን በጥቂቱ ያነሳዋል፤ ያን ጊዜ እዚህ ግባ የማይባል ተዳፋት ይበቃዋል። የሥነ ምድር ተመራማሪዎቹ ማሪዮን ኪንግ ሀበርት እና ዊልያም ሩቤይ በ1959 የፈሳሽ ግፊት ግዙፍ የአለት ንጣፎችን እንዴት እንደሚያንሸራትት ባስረዱበት ጥናት፣ የቀዘቀዘ ባዶ የቢራ ጣሳ በመስታወት ላይ ደፍተው ይህንኑ አሳይተዋል። በኒጀር ዴልታ ሥር ባለው ጭቃ ውስጥ የታፈነው ውሃም፣ ግፊቱ የሚመጣው ከሙቀት ሳይሆን ከላዩ ካለው ክብደት ቢሆንም፣ የሚሠራው በጣሳው ውስጥ እንደታፈነው አየር ነው።

ኒጀር ዴልታ ከኢዮሲን ዘመን (ከ56 እስከ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) አንስቶ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ እየገፋ የሄደ ግዙፍ የደለል ክምር ሲሆን፣ እጅግ በወፈረበት ስፍራ ውፍረቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይገመታል። ከሥር አካታ የተባለው ንጣፍ አለ፤ በአመዛኙ በጥልቅ ባሕር የተከማቸ ጭቃ ነው። በላዩ አግባዳ አለ፤ አሸዋና ጭቃ የሚፈራረቁበትና አብዛኛው ነዳጅ ዘይት የተገኘበት እርሱ ነው። ከሁሉም በላይ በወንዝ የመጣው የቤኒን አሸዋ ይገኛል። ወንዙ ከባድ አሸዋ እያመጣ በአካታ ጭቃ ላይ ሲከምር፣ የጭቃው ውሃ ከመውጫው ፍጥነት በላይ ይጫናል፤ ግፊቱ ያሻቅባል፣ ሰበቃው ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ወደ ጥልቁ ባሕር የሚያዘነብለው ረጅም ተዳፋት በሙሉ በሚያዳልጥ መሬት ላይ እንደተቀመጠ ነገር ይሆናል። ከአፍሪካ አህጉር የሚመጣ ገፊ ኃይል አያስፈልገውም፤ የስበት ኃይል ይበቃዋል።

ተዳፋቱ ወደ ባሕሩ ሲንሸራተት ከኋላው፣ ማለትም ከአህጉሩ መደርደሪያ (ከየብሱ ቀጥሎ ካለው ጥልቀት የሌለው የባሕር ወለል) ሥር፣ ደለሉ ይለጠጣል። የመለጠጥ ፎልቶች ሲወለዱ በአብዛኛው ከአግድም 60 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላሉ፤ የሥነ ምድር ተመራማሪው ኧርነስት አንደርሰን በ1905 እንዳብራራው፣ ትልቁ ጫና ከላይ ወደ ታች ሲሆንና ቁሱ የተለመደው የውስጥ ሰበቃ ሲኖረው የሚመረጠው ማዕዘን ይህ ነው። የላይኛው ብሎክ ወደ ባሕሩና ወደ ታች ይወርዳል፤ በባሕሩ ወለል ላይ አንድ እርከን ይፈጠራል። ወንዙ ግን ሥራውን አያቆምምና የሚቀጥለው ደለል ያን እርከን ቀድሞ ይሞላዋል። በተሞላው ቦታ ክብደት ይጨመራል፤ ክብደቱ ደግሞ ፎልቱን እንደገና ያንሸራትታል። እንዲህ እየተመላለሰ አንድ ዓይነት ዕድሜ ያለው ንጣፍ በፎልቱ አንዱ ጎን ቀጭን፣ በሌላው ጎን ወፍራም ሆኖ ይገኛል። እነዚህን ፎልቶች «የእድገት ፎልት» የምንላቸው ለዚህ ነው፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ፣ በቴክሳስና በሉዊዚያና፣ ነዳጅ ፈላጊዎች በሚገባ ያጠኗቸው ናቸው።

አሁን ወደ መጎበጡ እንምጣ። እዚህ ላይ ተማሪው ያስተዋለው ነገር ከራሱ ግምት በላይ ረቂቅ ነው፤ ምክንያቱም በምስሉ ላይ የሚታየው ኩርባ አንድ ምክንያት ብቻ የለውም። ከፊሉ እውነተኛ ኩርባ ነው፤ ፎልቱ ወደ አካታ ሲቃረብ ያን ሰበቃው የደከመ ጭቃ ተከትሎ ይጋደማል፤ ብዙ ፎልቶችም በአንድ የጋራ መንሸራተቻ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ከፊሉ የመጨመቅ ውጤት ነው። በጭቃ ውስጥ በ60 ዲግሪ የተወለደ ፎልት፣ ጭቃው ተቀብሮ ከውፍረቱ 40 በመቶ ሲያጣ፣ አብሮት ተጨፍልቆ ወደ 46 ዲግሪ ይወርዳል፤ ስፋቱ አይለወጥም፣ ቁመቱ ግን ያጥራል። የባሕር ወለል ጭቃ ሲከማች ከይዘቱ ከግማሽ በላዩ ውሃ ስለሆነ፣ ይህን ያህል መጨመቅ የተጋነነ ግምት አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ግን በምድሩ ውስጥ ያለ ሳይሆን በወረቀቱ ላይ ያለ ነው። የመልመጃ ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ ቁልቁል የሚለኩት በሜትር ሳይሆን ድምፁ ሄዶ ለመመለስ በፈጀው ሰከንድ ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ከወለሉ በታች ባለው ለጋ ደለል ጥቂት ይጨምራል፤ በጥቂት ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ግን ከ3000 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ በምስሉ ላይ አንድ ሰከንድ ከታች የሚወክለው ውፍረት ከላይ ከሚወክለው ይበልጣል፤ የታችኛው ክፍል ተጨፍልቆ ይሣላል። ፍጹም ቀጥ ያለ ፎልት እንኳ በእንዲህ ያለ ምስል ላይ ወደ ታች እየተጋደመ ይታያል። እኔም ጀማሪ ሳለሁ በሰከንድ የተሣለ ምስል ላይ አንድ «ማንኪያ መሰል» ፎልት በኩራት አቅልሜ አቅርቤ፣ ምስሉ ወደ ሜትር ሲቀየር ፎልቱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ አሳፍሮኛል። እናም ከሁሉ በፊት የምስልዎን ቁልቁል ሚዛን ይመልከቱ። ቁልቁሉ ከአግድሙ ይልቅ ተለጥጦ የተሣለ መሆን አለመሆኑንም ልብ ይበሉ፤ ይህ ደግሞ ማዕዘኑን በተቃራኒው አሹሎ ያሳያል።

ኩርባው በእርግጥ በምድሩ ውስጥ ያለ መሆኑን የሚመሰክር ሌላ ምልክት አለ፤ የላይኛው ብሎክ ራሱ ነው። ግትር የሆነ ብሎክ በጎባጣ ገጽ ላይ ወደ ባሕሩ ቢሳብ ከኋላው ባዶ ቦታ ይተው ነበር። ደለል ባዶ ቦታ አይተውም፤ ወደ ፎልቱ ተደርምሶ ይሞላዋል። በዚህ የተነሳ ንጣፎቹ ወደ ባሕሩ በማዘንበል ፈንታ ተመልሰው ወደ ፎልቱ ያዘነብላሉ፤ ከፎልቱ ራቅ ብሎም ጀርባው የጎበጠ እጥፋት ይፈጠራል። በኒጀር ዴልታ ብዙ የነዳጅ ጉድጓዶች የተቆፈሩት በነዚህ እጥፋቶች አናት ላይ ነው።

ከኋላ የተለጠጠው ርዝመት ከፊት መከፈል አለበት። የመልመጃው ምስል አጭር ከሆነ ይህን አያሳይም፤ ከመደርደሪያው እስከ ጥልቁ ባሕር የሚዘልቅ ረጅም ምስል ቢያገኙ ግን፣ በዴልታው ግርጌ ያለው ደለል ተገፍቶ አንዱ ንጣፍ በሌላው ላይ የወጣበትን ሰፊ የመጨናነቅ ቀጠና ይመለከታሉ። በመካከሉ ጭቃው ወደ ላይ የሚያብጥበት ክፍል አለ። ሦስቱም የአንድ መንሸራተት ክፍሎች ናቸው። ጠረጴዛ ላይ የተነጠፈ ጨርቅ በአንድ በኩል ሲገፋ በሌላው በኩል እንደሚሸበሸበው ነው፤ በእነዚህ የግርጌ ፎልቶች ላይ ለሚነሳ «የአህጉራት መጋጨት ነው ወይ?» ለሚል ጥያቄ መልሱ አይደለም ነው።

«በየትኛው ዘመን ተሰበረ?» ለሚለው መልሱ በውፍረት ንጽጽር ይገኛል። ዘዴው ቀላል ነው፤ በሁለቱ ብሎኮች ያለውን አንድ ዓይነት ንጣፍ ለይቶ፣ የላይኛውን ብሎክ ውፍረት ለታችኛው ማካፈል ነው። ለማስረዳት ያህል እኔ ያዘጋጀሁትን ምሳሌ ልስጥ። ከታች ወደ ላይ አራት ንጣፎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው በታችኛው ብሎክ 210 ሜትር፣ በላይኛው 220 ሜትር ነው፤ ውጤቱ 1.05 ገደማ ነው። ሁለተኛው 180 እና 290 ነው፤ 1.6 ይሆናል። ሦስተኛው 120 እና 300 ነው፤ 2.5 ይሆናል። አራተኛው 150 እና 165 ነው፤ ወደ 1.1 ይመለሳል። ይህን የሚያነብ ሰው፣ የመጀመሪያው ንጣፍ ሲከማች ፎልቱ እንዳልነበረ ወይም ገና እንደ ጀመረ፣ በሁለተኛው እንደነቃ፣ በሦስተኛው እጅግ እንደ ፈጠነ፣ በአራተኛው ሊቆም እንደተቃረበ ይረዳል። ሦስተኛው ንጣፍ ለመከማቸት 600 ሺህ ዓመት እንደፈጀ በጉድጓድ ከወጡ ጥቃቅን ቅሪተ አካላት ቢታወቅ፣ የ180 ሜትሩ ልዩነት በዓመት ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ መንሸራተትን ያመለክታል። ከጥፍር እድገት ጋር ሲነጻጸር እንኳ ከመቶ እጅ አንድ ያህል ነው።

ዘዴው ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ በላይኛው ብሎክ ያለው ንጣፍ በጥልቀት ስለሚቀበር የበለጠ ይጨመቃል፤ ሳይታረም ከተለካ እድገቱ አንሶ ይታያል። ሁለተኛውና የከፋው፣ ንጽጽሩ የሚሠራው ደለሉ እርከኑን ቶሎ ቶሎ እየሞላ ከሆነ ብቻ መሆኑ ነው። ደለል በማይበዛበት ባሕር ፎልቱ ተንሸራትቶ ያበቃና እርከኑ ሳይሞላ ይቆያል፤ ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ የመጣ ደለል ይሞላዋል። ያን ጊዜ የወፈረው ንጣፍ የሚመሰክረው ፎልቱ የተንሸራተተበትን ሳይሆን ጉድጓዱ የተሞላበትን ዘመን ነው። በኒጀር ዴልታ መደርደሪያ ላይ ደለል ስለማይነጥፍ ይህ ብዙም አያሰጋም።

ብዙ የሚያሰጋው ለምሳሌ በሰሜን ባሕር ነው፤ ይህም የተለየ ዓይነት የፎልት ታሪክ ስላለው ጥቂት ልቆይበት። በብሪታንያና በኖርዌይ መካከል ያለው ባሕር ሥር፣ በተለይ ቫይኪንግ ግራበን በተባለው ስምጥ፣ ፎልቶቹ ደለሉን ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለውን የምድር ቅርፊት ይቆርጣሉ። የገፋቸውም የደለሉ ክብደት ሳይሆን የቅርፊቱ መለጠጥ ነው፤ ዋናው መለጠጥ በጁራሲክ ዘመን መገባደጃ (ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) ተካሂዷል። የሥነ ምድር ተመራማሪው ዳን ማኬንዚ በ1978 እንዳብራራው፣ ቅርፊቱ ሲለጠጥ ይሳሳል፣ ከሥሩ ያለው ትኩስ ክፍል ወደ ላይ ይቀርባል፤ በዚህ ጊዜ ፎልቶች ይሠራሉ። መለጠጡ ሲቆም ትኩሱ ክፍል እየቀዘቀዘ ለአሥር ሚሊዮኖች ዓመታት ሰፊውን ስፍራ ያለ ብዙ ፎልት ያሰምጠዋል። ለዚህ ነው በሰሜን ባሕር ምስል ላይ ከታች የተቆራረጡና ያዘነበሉ ብሎኮች፣ ከላያቸው ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፉ፣ ከጁራሲክ ቀጥሎ የመጣው የክሪቴሺየስ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ያሉ ንጣፎች የሚታዩት። በ1971 የተገኘው የብሬንት ነዳጅ የተጠራቀመው ከእነዚህ ካዘነበሉ ብሎኮች በአንዱ ውስጥ ነው።

በዚሁ አካባቢ ስትራዝስፔይ፣ ብሬንትና ስታትፊዮርድ በተባሉት የነዳጅ መስኮች ጎን የሚያልፈው ትልቅ ፎልት ዛሬ አንድ ረጅም መስመር ይመስላል። የውፍረት ልኬቱ ግን ሲጀምር ተነጣጥለው የነበሩ ብዙ አጫጭር ፎልቶች እንደነበሩ አሳይቷል። አንድ ለብቻው ያለ ፎልት ዝንፈቱ መሐሉ ላይ ይበዛል፣ ወደ ሁለቱ ጫፎቹ እያነሰ ሄዶ ዜሮ ይሆናል፤ የዝንፈቱ ከፍተኛ መጠን ከርዝመቱ ከአሥር አንድ እስከ ከሺህ አንድ ባለው ክልል ውስጥ ይገኛል። ሁለት ጎረቤት ፎልቶች ጫፍ ለጫፍ ሲቀራረቡ በመካከላቸው ያለው መሬት እንደ መወጣጫ ይጠመዘዛል፤ ጥቂት ቆይቶ መወጣጫው ራሱ ይሰበርና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። የቀድሞው መለያያ ቦታ ዝንፈቱ ባነሰበት ጎድጎድ ለዘመናት ይታወቃል። ፎልቶች ርዝመታቸውንና ዝንፈታቸውን አብረው ያሳድጋሉ ወይስ ርዝመታቸውን ቀድመው ይጨርሱና ከዚያ ዝንፈት ብቻ ያጠራቅማሉ የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እኔ ካየኋቸው ምስሎች ተነስቼ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ርዝመቱ በአጭር ጊዜ ይወሰናል፣ ቀሪው ዕድሜ የዝንፈት ነው።

ከሥር ጭቃ ሳይሆን ጨው ሲኖር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ጨው በጂኦሎጂ ዘመን ሲታይ ይፈስሳል፤ ጥግግቱም በጥልቀት አይጨምርም ለማለት ይቻላል፤ በሜትር ኩብ 2200 ኪሎ ግራም ገደማ ሆኖ ይቆያል። በላዩ ያለው ደለል እየተጨመቀ ከዚያ ሲከብድ፣ ጨው በደከመው ቦታ ሁሉ ወደ ላይና ወደ ጎን ይሸሻል፤ ከላዩ ያለውንም በፎልት ይቆራርጠዋል። በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከጁራሲክ ዘመን የቀረው ሉዋን የተባለው ጨው ደለሉን ተሸክሞ ወደ ጥልቁ ባሕር ተጉዟል፤ የግንባሩ ጫፍ ዛሬ በባሕሩ ወለል ላይ ሲግስቢ የሚባለው ገደል ሆኖ ይታያል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ቀይ ባሕር ነው። እዚያ በማዮሲን ዘመን (ከ23 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) የተከማቸው ጨው በአንዳንድ ስፍራ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይወፍራል፤ ከዳርቻው ወደ መካከለኛው ሸለቆ እንደ በረዶ ግግር እየፈሰሰም አዲሱን የውቅያኖስ ወለል በከፊል ሸፍኖታል። በዳሎል አሞሌ የሚቆረጥበት የዳናኪል ጨው ከዚያ በዕድሜ የሚያንስ ቢሆንም፣ የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶ ከቀረበት ስምጥ የተገኘ ነው። አፋር ላይ ሌላ ትምህርትም አለ፤ በመስከረም 2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዳባሁ አካባቢ ቅልጥ አለት በ60 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ እስከ 8 ሜትር በሚደርስ ስፋት ወደ ምድሩ ሲገባ፣ ከላዩ ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሜትር በሚለኩ ፎልቶች ተቆራርጧል። በቀይ ባሕር መካከል ከውሃው ሥር የሚካሄደውን እዚያ በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል።

አንድ ዓይነት ቀርቶኛል፤ ከሁሉም እንግዳው እርሱ ነው። በሰሜን ባሕር የኢዮሲንና ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው የኦሊጎሲን ዘመን ጭቃዎች ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ አነስተኛ ፎልቶች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከመቶ እስከ ሺህ ሜትር ነው፤ ዝንፈታቸው በአሥር ሜትሮች ይቆጠራል። ከላይ ሲታዩ አንድ የተወሰነ አቅጣጫ የላቸውም፤ እንደ ማር እንጀራ ባለ ብዙ ጎን መረብ ይሠራሉ፤ ከዚያ ንጣፍ ወጥተውም ከላይም ከታችም አይዘልቁም። የሥነ ምድር ተመራማሪው ጆ ካርትራይት በ1990ዎቹ በዝርዝር ካቀረባቸው ወዲህ በብዙ የባሕር ተፋሰሶች ተገኝተዋል። የሚገፋ ተዳፋትም የሚለጠጥ ቅርፊትም አላስፈለጋቸውም። በበጋ የመረሬ መሬት ሲሰነጣጠቅ የሚሠራውን ቅርጽ ለሚያውቅ ሰው መልኩ አዲስ አይሆንበትም፤ በመረሬም በእነዚያ ጭቃዎችም የሚበዛው ስሜክታይት የተባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ነገር ግን ንጽጽሩን ከዚህ አላሳልፈውም፤ መረሬ በፀሐይ ደርቆ ክፍት ስንጥቅ ያበጃል፣ እነዚህ ግን ከውሃ በታች ሆነው በመንሸራተት የተፈጠሩ ናቸው። ጭቃው ውሃውን እያጣ በሁሉም አቅጣጫ መኮማተሩና የሸክላው ሰበቃ እጅግ ዝቅተኛ መሆኑ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች መካከል ናቸው፤ የትኛው እንደሚያመዝን ባለሙያዎች ገና አልተስማሙም።

የመጨረሻው ጥያቄ ወለሉ ሳይደርስ የቀረው ፎልት ሞቷል ወይ የሚለው ነበር። ምናልባት፤ ነገር ግን ከጫፉ በላይ ምንም አለመታየቱ ብቻውን አያረጋግጥም። ሳይዝሚክ ምስል በግርድፉ ከሞገዱ ርዝመት ሩብ በታች የሆነውን ነገር በቅጡ አይለይም። ድምፁ በሰከንድ 2000 ሜትር በሚጓዝበት ጥልቀት፣ ድግግሞሹ በሰከንድ 40 ቢሆን፣ የሞገዱ ርዝመት 50 ሜትር ነው፤ ሩቡ 12 ሜትር ተኩል ይሆናል። ዝንፈቱ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ከ12 ሜትር ማነስ እንደ ጀመረ ፎልቱ ከዓይንዎ ይሰወራል፤ በምድሩ ውስጥ ግን ከዚያም በላይ ሊቀጥል ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ፣ ከጫፉ በላይ ያሉት ንጣፎች በጥቂቱ ጎብጠው ቢታዩ ፎልቱ ሕያው ነው ለማለት አይቸኩሉ፤ በላይኛው ብሎክ ያለው ወፍራም ጭቃ ከጎረቤቱ ይበልጥ ስለሚጨመቅ፣ ፎልቱ ከቆመ ከረጅም ጊዜ በኋላም ከላዩ ያለው ንጣፍ ወደዚያ ጎን ይሰምጣል።

ስለዚህ በምስልዎ ላይ ከፎልቱ ጫፍ በላይ ያሉትን ሦስት ወይም አራት ንጣፎች ይምረጡና በሁለቱም ጎን ውፍረታቸውን ይለኩ፤ በሰከንድ ከሆነ ወደ ሜትር ይቀይሩት። ውፍረቱ እኩል ከሆነ እነዚያ ንጣፎች ሲከማቹ ፎልቱ ምስሉ ሊለየው በሚችለው መጠን አይንቀሳቀስም ነበር። ወደ ላይኛው ብሎክ ጥቂት የሚወፍር ከሆነ ጎኑን ይመልከቱ፤ የመጨመቅ ውጤት ከሆነ ለውጡ በሰፊው ተዘርግቶ ቀስ እያለ ይመጣል፣ የመንሸራተት ከሆነ ግን በፎልቱ መስመር ላይ በድንገት ይታያል። በዚያው መስመር በባሕሩ ወለል ላይ ትንሽ እርከን ካለ ደግሞ፣ ወንዙ በየጊዜው በሚያመጣው ደለል ሳይሸፈን የታየው በቅርቡ ስለተንሸራተተ ነው፤ እንዲህ ያለውን ፎልት የቧንቧ መስመር የሚዘረጉ መሐንዲሶች ዞረውት ያልፋሉ።